ተርቧን ከማራባትህ በፊት የእሳት እራቷን አራባ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው መቂ ነው። የአካባቢያችን ገበሬ ቲማቲም ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ መድኃኒት ይረጫል፤ ትሉ ግን አልጠፋም። በቆሎውንም ተምች ይበላዋል። ሕንዶች ትራይኮግራማ የምትባል ተርብ ካርድ ላይ አራብተው ሲሸጡ ቪዲዮ አየሁ። ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል አለ። እዚያ አራብቼ ለገበሬው ብሸጥ ያዋጣኛል? አንዴ ከተለቀቀች በራሷ ትቀጥላለች ወይስ በየዓመቱ ነው? ለመነሻ የሚሆነውን ከሕንድ የሚመጣ ጓደኛዬ በሻንጣ ሊያመጣልኝ ይችላል። አባቴ ግን ተርቡ ሰፈሩን ይነድፋል፣ ትሉ ሲያልቅም ወደ ሰብሉ ይዞራል ብለው ፈርተዋል።»

ከአባትህ ስጋት ልጀምር፤ እሳቸውን ማረጋጋት ቀላል ነው። ትራይኮግራማን ዓይናቸው ሥር ብታስቀምጥላቸው ተርብ መሆኗን አያምኑህም። ርዝመቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በእርሳስ ጫፍ የተነካች ነጥብ ታክላለች። መርፌዋ እንቁላል መጣያ ነው፤ ሰው አትነድፍም። ቅጠልም ፍሬም አትበላም። የአበባ ማር ብትቀምስ ነው። የምትጥልበት እንቁላል ካጣች በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች። ወደ ሰብሉ የምትዞርበት አፍም ሆድም የላትም። መጠንቀቅ ያለብህ ከሌላ ነገር ነው። የእሳት እራትና የቢራቢሮ እንቁላል ካገኘች ብዙም አታማርጥም። ስለዚህ ሐር ትል የሚያረባ ጎረቤት ካለህ አጠገቡ አትልቀቃት።

«ጥገኛ ተርብ» የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። መዥገርም ጥገኛ ነው፤ ግን ላሟ ብትሞትበት የሚጎዳው እሱው ነው። እነዚህ ተርቦች ያደጉበትን ነፍሳት ገድለው ነው የሚወጡት። እናትየዋ እንቁላሏን በተባዩ ላይ ወይም ውስጥ ትጥላለች። ልጇ ከውስጥ በልታ ትጨርሰውና ቀዳዳ በስታ ትወጣለች። አንዷ የምትፈልገው የተባዩን እንቁላል ነው፣ ሌላዋ ትሉን፣ ሌላዋ ፑፓውን፣ ማለትም ትሉ ክንፍ ወደማውጣት ሲለወጥ ተሸፍኖ የሚተኛበትን ደረጃ። ሥራህ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ልዩነት ነው። ጥያቄህ ውስጥ ትልቁ ስህተት ያለውም እዚህ ላይ ነው፦ አንዲት ተርብ ለቲማቲሙም ለበቆሎውም ትሆናለች ብለሃል።

ትራይኮግራማ የምትነካው እንቁላል ብቻ ነው። ገበሬው ትል አይቶ ከደወለልህ አልፏል። የበቆሎው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የአሜሪካ መጤ ተምች እንቁላሉን በክምር፣ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ይጥላል። ከዚያ ከገዛ ሰውነቱ በሚረግፍ ብናኝ ይሸፍነዋል። ትራይኮግራማ ከላይ ከላይ ትነካካለች፤ ሥር ያለው ይፈለፈላል። ለዚህ ተምች የምትሻለው ቴሌኖመስ ሬመስ የምትባል ሌላ የእንቁላል ተርብ ነች፤ ሽፋኑን አልፋ ታች ድረስ ትገባለች። እሷም ከሩቅ የምትመጣ እንግዳ አይደለችም። ቤኒን፣ ኒጀር፣ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ማሳ ላይ ራሷን ችላ እንደምትኖር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል።

እኛ አገር ደግሞ ማንም ሳይጋብዛት ሥራ የጀመረች አለች። ተምቹ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ በእኛ 2009 ዓ.ም.፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነው። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ከማሳ ትል ለቅመው ሲያሳድጉ ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል ተርብ ወጣችላቸው። በተጠኑት ቦታዎች ከትሉ ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ይዛው ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ካርድ ሳይሸጥ ነው። ያልረጨ ገበሬ ይህን አገልግሎት በነጻ አግኝቷል፤ የረጨው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ገድሎታል። ስለዚህ ለበቆሎው መልሴ አጭር ነው፦ ትራይኮግራማ አትሽጥላቸው። ያለችውን አትግደሉ በላቸው።

ቲማቲሙ ላይ ተስፋ አለህ፤ እሱም በልክ ነው። ፍሬውን የሚበሳው ጓይ ትል እንቁላሉን አንድ አንድ እያደረገ ቅጠልና አበባ ላይ ይበትናል። ይህ ለትራይኮግራማ ይመቻታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባችው የቲማቲም ተባይ የእሳት እራት፣ ቱታ አብሶሉታም፣ እንቁላሏን በብዛት የምትጥለው በተናጠል ነው፤ ግን ትውልዷ እርስ በርስ ተደራርቦ ዓመቱን ሙሉ አለች። ስፔኖች ግሪንሃውስ ውስጥ ትራይኮግራማ አኬኤ የምትባለውን ዝርያ ሲጠቀሙ በብዛት ለቀው፣ እንቁላል የሚመጥ ሌላ አዳኝ ነፍሳት ጨምረው ነው። የቲማቲም ቅጠል ራሱም ችግር አለበት። እጅህን የሚያጣብቀው ያ ጸጉር ለግማሽ ሚሊሜትር ፍጡር ጫካ ነው፤ በእግሯ ስትፈልግ ያዘገያታል። ለጓይ ትል ጥሩ መሣሪያ፣ ለቱታ ረዳት ብለህ ብትይዛት አትሳሳትም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ገደብ ካላት ለምን በዓለም ሁሉ እሷ ትራባለች? ርካሽ ምግብ ስለምትቀበል ነው። ጓይ ትል በየሳምንቱ በመቶ ሺህ ማምረት አይታሰብም፤ ትሎቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ እያንዳንዱን ለብቻው ማስቀመጥ ግድ ይላል። ጎተራ ውስጥ የሚኖሩት የእሳት እራቶች ግን አንድ ትሪ እህል ውስጥ በሺህ ተጨናንቀው ያድጋሉ። ስታንሊ ፍላንደርስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን መንገድ ካስያዘ ወዲህ ሥራው የፋብሪካ መልክ ያዘ። ቻይናዎች የትልቁን የዱር ሐር ትል እንቁላል ይጠቀማሉ፤ ከአንዱ እንቁላል ብቻ ብዙ ደርዘን ተርብ ይወጣል። አንተ ያየሃቸው ሕንዶች የሚጠቀሙት የሩዝ እሳት እራት የምትባለውን ኮርሳይራን ነው። እና ወንድሜ፣ ቪዲዮው ላይ ያየኸው ካርድ የሥራው ጅራት ነው። ቀንህን የሚበላው የእሳት እራት ማርባት ነው። ተርቧማ ከተመቻት በዘጠኝ ቀን ትደርስልሃለች።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ማሽላ ወይም ዳጉሳ ትሰብራለህ። ዱቄት እንዳታደርገው፤ ማሽላ ከሆነ ፍሬው ሦስት አራት ቦታ ይሰበር። ከእህሉ ጋር የሚመጣው ነቀዝ እንዲሞት በምድጃ ታሞቀዋለህ፤ 100 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት በቂ ነው። አንድ ትሪ 2.5 ኪሎ ያህል ይይዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ 100 ግራም የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ 5 ግራም እርሾ፣ ማይት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ እንዳይገባበት ደግሞ 5 ግራም ድኝ ትጨምራለህ። ከዚያ ግማሽ ሲሲ የኮርሳይራ እንቁላል ትበትንበትና በሻሽ ትሸፍነዋለህ። ትሎቹ እህሉን በድር አያይዘው ይበላሉ። 40 ቀን ገደማ ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ የእሳት እራቶች ይወጣሉ፤ እስከ 90ኛው ቀን በየቀኑ እየተንጠባጠቡ ይቀጥላሉ። በየጠዋቱ ትሰበስባቸዋለህ። ወንፊት ግርጌ ባለው ጣሳ ከተህ ማር በውኃ በጥብጠህ በጥጥ ትሰጣቸዋለህ። እንቁላሉ በወንፊቱ ታች ይወርዳል። ነፍተህ ከክንፍና ከእግር ስብርባሪ ታጸዳዋለህ።

ቀጥሎ እንቁላሉን አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ታስቀምጠዋለህ። ውስጡ ያለው ጽንስ ይሞታል፤ ምግቡ ግን ለተርቧ ይቀራል። ይህን ከዘለልክ ካርድህ ላይ ትል ይፈለፈልብህና ደንበኛህ የእህል ተባይ ገዝቶ ይሄዳል። መብራቱ ዓይን ያጠፋል፤ በዝግ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ አትየው። ካርዱን በሙጫ ቀብተህ እንቁላሉን ትነሰንስበታለህ። የእኛው የግራር ሙጫ ከሚገዛው ሁሉ ይሻላል። ስድስት አዲስ ካርድ፣ ተርብ ሊወጣበት ከደረሰ አንድ ካርድ ጋር ከረጢት ውስጥ ታሽጋለህ። በሦስተኛው አራተኛው ቀን የተያዘው እንቁላል ይጠቁራል። ካልጠቆረ አልተያዘም። ከጠቆረ በኋላ ገበያ ካልደረሰልህ 10 ዲግሪ አካባቢ ልታቆየው ትችላለህ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ግን አትመነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ቲማቲም ላይ የተለመደው መጠን ለአንድ ሄክታር በአንድ ዙር ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ተርብ ነው፤ ያውም በየሳምንቱ፣ አምስት ስድስት ዙር። አሥር ገበሬ፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ሄክታር ቢኖራቸው 2.5 ሄክታር ነው። በትልቁ መጠን በሳምንት 250 ሺህ ተርብ ማለት ነው። አንድ ሲሲ እንቁላል የያዘ ካርድ ወደ 18 ሺህ ነው። ሁሉም እንደማይወጣ አስበህ 16 ወይም 17 ካርድ ያዝ። ለእናት ካርድና ትሪ ለመተካት የሚቀረውን ስትጨምር በሳምንት 20 ሲሲ እንቁላል ያስፈልግሃል። አንዲት እራት 150 ትጥላለች ብንል 2,400 ሴት፣ ከወንዱ ጋር ወደ 5 ሺህ እራት ይመጣል። አንድ ትሪ በዕድሜው በሙሉ ቢሰጥህ 2,000 ወይም 2,500 ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት አዲስ ትሪ፣ ለመጠባበቂያ ሦስት። ትሪው 13 ሳምንት ስለሚቆይ መደርደሪያህ ላይ ሁልጊዜ ከ25 እስከ 40 ትሪ ይኖራል። እህሉ በሳምንት ከ5 እስከ 7.5 ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱ አያከስርህም። የሚያከስርህ ጉልበቱና መብራቱ ነው። የእሳት እራት ቅዳሜና እሑድ የለውም። በዓልም የለውም።

መብራት ያልኩት በምክንያት ነው። ኮርሳይራም ተርቧም ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ እርጥበትም ከ60 እስከ 70 በመቶ ይፈልጋሉ። የመቂ ቀን ይሞቃል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ሌላ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ትሪ በ40 ቀን የሚደርሰው በ60 ይደርስና ሒሳብህን በሙሉ ያፋልሰዋል። ማሞቂያ ያስፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም መላ ያስፈልጋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት የተሻለ ሙቀት ይይዛል፤ የሰርቪሱ ክፍል የጭቃ ከሆነ እንዳታፈርሰው።

ከቅዝቃዜ የባሰው ጠላት ግን ራሱ ተርብ ነው። በጀማሪነቴ በሠራሁበት ክፍል አንድ ጠዋት ሦስት ትሪ ጭጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሻሹን ስገልጠው ትሎቹ በድራቸው ውስጥ ሽባ ሆነው ተኝተዋል። ሀብሮብራኮን ሄቤተር የምትባል የጎተራ ተርብ በተቀደደ ወንፊት ገብታ ነበር። ትሉን ነድፋ ታሽመደምደዋለች፤ ከዚያ ላዩ ላይ ትጥላለች። ሦስቱን ትሪ አቃጥዬ ሌላው ተረፈ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድም ጤነኛ ትሪ አልቀረም። ከዜሮ ጀመርን። ከዚያ ወዲህ የእራቱን ክፍልና የተርቡን ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያደርግ ሰው ሳይ ሆዴ ይረበሻል። አንድ ክፍል አለኝ ያልከኝ አይበቃም። ሁለት ያስፈልግሃል፣ ያውም የተራራቁ። ጠዋት መጀመሪያ እራቱ ጋ፣ ቀጥሎ ተርቡ ጋ። ከተርቡ ወጥተህ ወደ እራቱ አትመለስ።

ክፍሉ ከመኖሪያችሁ ጋርም በር መጋራት የለበትም። የእራት ክንፍ ብናኝ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ለዓመታት የተነፈሱት ሠራተኞች አስም ይዟቸዋል። ማስክ ግዴታ ነው። ቤት ውስጥ ሳይነስ ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ይህን ሥራ ግቢያችሁ ውስጥ አትጀምረው።

ስለ ጥራት ቪዲዮው ምንም እንዳልነገረህ እገምታለሁ። እነዚህ ተርቦች ወንድና ሴት የሚወልዱበት መንገድ ለየት ይላል። የተዳቀለው እንቁላል ሴት ይሆናል፤ ያልተዳቀለው ወንድ። እናቶቹ ተጨናንቀው ከተራቡ ወይም ወንዱ ደካማ ከሆነ ካርድህ በወንድ ይሞላል። ወንዱ ደግሞ ማሳ ላይ ምንም አይሠራልህም። ጥቁር ካርድ ሸጥክ ማለት ሥራ ሸጥክ ማለት አይደለም። ከየዙሩ 100 ጥቁር እንቁላል ቆጥረህ ለብቻ አስቀምጥ። ከ85 በላይ ቀዳዳ ካላየህ አትሽጠው። ከወጡት ውስጥ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ከሆኑም አትሽጠው። በማጉያ ስታይ አንቴናው ላይ ረጅም ጸጉር ያለው ወንዱ ነው። ሌላው ድካም በዓመት 40 ያህል ትውልድ ማሳለፏ ነው። ያለ ልፋት ካርድ ላይ እየተሰጣት 40 ትውልድ የኖረች ተርብ መፈለግ ትረሳለች፤ ክንፏ የተጨማደደ፣ የማይበር እየበዛ ይመጣል። በየጥቂት ወሩ ከማሳ የተሰበሰበ አዲስ ደም መጨመር አለብህ።

ማሳው ላይ የሚያበላሸው ብዙ ነው። ተርቧ በእግሯም በክንፏም ሩቅ አትሄድም። ካርዱን ቆራርጠህ በየ10 ሜትሩ ማንጠልጠል አለብህ፤ ሩብ ሄክታር 25 ቦታ ማለት ነው። ቅጠል ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ጠዋት ማልደህ ወይም ሊመሽ ሲል። ጉንዳን ካገኘው አንድ ሌሊት አያሳድረውም። የምትጀምርበትን ቀን የሚነግርህ የፌሮሞን ወጥመድ ነው፤ በሴቷ ሽታ ወንዱን የእሳት እራት የሚስብ ነው። የጓይ ትሉ የእሳት እራት ወጥመዱ ውስጥ መታየት ሲጀምር የመጀመሪያው ካርድ መሰቀል አለበት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ርጭቱ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ወይም ፕሮፌኖፎስ የሚረጭ ገበሬ ካርድ ሸጥክለት ማለት ገንዘቡን ወስደህ ተርቦቹን ወደ እሳት ላክህ ማለት ነው። ብዙ ሰው የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው ስፒኖሳድም ለጥቃቅን ተርቦች መርዝ ነው። ድኝ ማሳ ላይ መርጨትም ይጎዳታል፤ ትሪው ውስጥ ስላስገባሁት አትታለል። ትሉን ለብቻው የሚገድለው ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ከእሷ ጋር ይስማማል። በነገራችን ላይ ጎረቤቱ ከረጨ ነፋሱ ያመጣዋል። አንድ ማሳ ብቻውን ነጻ ሊሆን አይችልም።

«በራሷ ትቀጥላለች ወይ?» ላልከኝ፦ በአብዛኛው አይደለም። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከፓራጓይ የተገኘች አናጊረስ ሎፔዚ የምትባል ተርብ ናይጄሪያ ላይ ተለቀቀችና ሚሊባግ የሚባለውን ነጭ ዱቄት የለበሰ የካሳቫ ተባይ ካሳቫ በሚበቅልበት የአፍሪካ ክፍል ሁሉ ተከትላ አደከመችው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት አገኙበት። ያ አንዴ ተለቅቆ የሚቀር ነው። እንዲህ ያለው የመንግሥትና የምርምር ሥራ ነው፤ የሚሸጥ ነገር የለውም፣ ምክንያቱም ከተሳካ ደንበኛ አይኖርህም። የአንተ ግን ወቅት በመጣ ቁጥር የሚደገም ነው። ገቢህም ድካምህም ከዚያ ነው።

እንደ አንተ ያለው ሥራ ሌላ አገር በምን ላይ ቆሞ እንደሄደ ተመልከት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1926 አንድ አትክልተኛ ቲማቲሙ ላይ የነጭ ዝንብ ልጆች ጠቁረው አይቶ ለባለሙያ አሳየ። ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የምትባለው ተርብ ነበረች። ቼሽንት ያለው የምርምር ጣቢያ እያራባ ለአትክልተኞች ሲያድል ቆየ። ዲዲቲ ሲመጣ ሁሉም ተወው፤ ነጭ ዝንቡ መድኃኒቱን ሲለምደው እንደገና ተፈለገች። ብራዚል ውስጥ ኮቴሲያ ፍላቪፔስን ለሸንኮራ አገዳ ቆርቁር በብዛት ሲያራቡ ከፋዮቹ ስኳር ፋብሪካዎቹ ነበሩ። ኩባ ውስጥ መንግሥት በየአካባቢው ከ200 በላይ የማራቢያ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ከእነዚህ በአንዱም ሩብ ሄክታር ያለውን ገበሬ በር በር በማንኳኳት ላይ የቆመ ሥራ የለም። ሰፊ መሬት ያለው ከፋይ ነበረ፣ ወይም መንግሥት ወይም የምርምር ጣቢያ ከጀርባው ነበረ።

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው የሳህሉ ነው። ኒጀር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ሚሌት የሚሉትን፣ የዳጉሳ ዘመድ የሆነውን እህል ዛላ የሚበላ ትል አለ። እነሱ በትንሽ የጆንያ ከረጢት ውስጥ ጥቂት እህል፣ 25 የኮርሳይራ ትልና ሁለት የተዳቀሉ ሀብሮብራኮን ሴቶች ይከታሉ። አዎ፣ ያቺው የእኔን ክፍል ያጠፋችው። ለአንድ መንደር 15 ከረጢት ጎተራ ላይ ይሰቀላል። ተርቦቹ በጆንያው ቀዳዳ እየወጡ ራሳቸው ማሳውን ያገኛሉ። የተሸጠው ለመንደሩ ነው፣ ለአንድ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ቀላልነት ለቲማቲም አላየሁም። እሷንና ትራይኮግራማን በአንድ ግቢ ላራባ ብትል ደግሞ መጨረሻህን ነግሬሃለሁ።

ሻንጣው ላይ አልደራደርም። አይሆንም። ሕያው ነፍሳት ወደ አገር ለማስገባት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዓለም አቀፉም ደንብ ይህንኑ ይላል። ያቺ የካሳቫ ተርብ እንኳን ናይጄሪያ ከመግባቷ በፊት እንግሊዝ አገር ኳራንቲን ውስጥ አልፋለች። የጓደኛህ ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ተርብ፣ ማይት፣ ያልሞተ የእህል ተባይ ሊኖር ይችላል፤ የትራይኮግራማ ዝርያዎች ደግሞ በዓይን አይለዩም፤ የወንዱን ብልት በማይክሮስኮፕ ወይም ዲኤንኤ ማየት ይጠይቃል። ከተለቀቀች በኋላ የሚመልሳት የለም። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ላይ፣ በኋላም ሶማሊያ ላይ ተለቀቀች፤ እኛ ሳንለቃት ኢትዮጵያ ማሳ ላይ ተገኘች። ያቺ ጥሩ ሆና ነው። ተርብ ድንበር አታውቅም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ጀምር፣ ግን ዘንድሮ ምንም አትሽጥ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራህ ኮርሳይራን ሳታቋርጥ 12 ወር ማቆየት ይሁን፤ አሥር ትሪ ይበቃሃል። ተርቧን ከአገርህ አግኛት። ያልተረጨ ማሳ ፈልገህ፣ በመብራት የመከነ የኮርሳይራ እንቁላል የለጠፍክበትን ካርድ ለሁለት ቀን ስቀልና መልሰህ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጠው። የሚጠቁር ካየህ የአካባቢውን ሙቀት የለመደች የራስህ ተርብ አለችህ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ላንተ ቅርብ ነው፤ አትክልት ላይም ሐር ትል ላይም ይሠራሉ። ይዘህላቸው ሂድና ዝርያዋ ሳይታወቅ ሁለተኛ ትውልድ አታራባ። በሁለተኛው ዓመት ማሳቸው የተያያዘ አምስት ስድስት ገበሬ በቀበሌው የልማት ሠራተኛ በኩል ሰብስብ። ለአንድ ወቅት እነዚያን መርዞች ላለመርጨት የሚስማሙ ይሁኑ። ካርድ እየቆጠርክ አትሽጥላቸው፤ ወጥመድ መመልከቱንም፣ መስቀሉንም፣ ቢቲ መርጨቱንም ራስህ ይዘህ በወቅት አስከፍል። ጥቂት ፍሬ መበሳቱ እንደማይቀር አስቀድመህ ንገራቸው። አንድ የተበሳ ቲማቲም ሲያይ ሳጥኑን በሙሉ የሚመልስ ነጋዴ ጋ ብቻ የሚሸጥ ገበሬ ለዚህ አይሆንህም፤ አትያዘው።

ትሪው ከዜሮ ተነስቶ የሚሸጥ ካርድ እስኪሰጥህ አራት ወር ግድ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር እራት መልሶ ትሪ ለመሙላት ስለሚውል። የመስኖው ቲማቲም ኅዳር ላይ የሚተከል ከሆነ ትሪህ ሐምሌ ላይ መሞላት አለበት። እስከዚያው ወጪ የሌለው ሥራ አለህ። ባዶው ክፍል ውስጥ ቴርሞሜትር ስቀልና ንጋት ላይ ስንት እንደሚያሳይ ለአንድ ወር በየቀኑ ጻፈው። ከ18 በታች የሚወርድ ከሆነ ማሞቂያውን ሳታስብ አንድ ኪሎ ማሽላ እንዳትሰብር።